ሁለት ተኩል ላይ የቆመው መስመር

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትሽ ከሰፈራችን ዳገት ጋር ታረቀ ወይስ እንደተጣሉ ናቸው? ልጅሽ ኤዶም ፈተናዋን ጨረሰች? ዳግማይ ትንሣኤስ እንዴት ዋለላችሁ? ከዚህ ቀጥሎ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ ይጻፋል። ያን ዐረፍተ ነገር ዛሬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ሰላምታዬን እንደ ጎደለ ተቀበይኝ።

በስልክ ልነግርሽ አራት ጊዜ ደውዬ ነበር። አራቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ ኤዶም አውርተን ዘጋን። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ ፎቶ እያነሳሁ እልክልሻለሁ። ኤዶም አታንብብልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ደግሞም ከማክሰኞ በፊት።

ማክሰኞ ሆስፒታሉ ስለ እማዬ ስብሰባ አለው። የተሰበረ ዳሌዋ ተጠግኖ በሁለት ሰው ድጋፍ መቆም ጀምራለች፤ አሁን የቀረው ወዴት ትውጣ የሚለው ነው። አንቺ ለሶሻል ወርከሯ በስልክ፣ ኤዶም እያስተረጎመች፣ «ታናሿ አለችላት፤ ያ ማሽንም አለ። ወድቃ እንኳ ወዲያው ነው የደረሰችላት። ከቤቷ አትውጣብኝ» ብለሻታል። ሴትዮዋ ቃልሽን ጻፈችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ስትጽፍ አየሁ። አላረምኳትም።

ወዲያው አልደረስኩም፣ እታለም።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ፤ ማሽን የምትይው ነገር ምን እንደሚናገር ካላወቅሽ እኔ ምን እንዳደረግሁ አይገባሽም።

ሃርልስደን በሚባለው ሰፈር የምሠራበት ቤት የአሳንሰር መቆጣጠሪያ ይጠግናል። የገባሁት ወለል ልወለውል ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ መቆሜን አንቺ ታውቂያለሽ። በየዕቃው ካርቶን ውስጥ አንድ የታጠፈች ወረቀት ትገኛለች፤ ዕቃው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ትናገራለች። ሠራተኞቹ ሳያነቧት ይጥሏታል። እኔ ቅርጫት ሳራግፍ እያወጣሁ በቦርሳዬ ይዤ እገባ ነበር። እንግሊዝኛዬም የተማርኩት ከእነዚያ ወረቀቶች ነው፤ ለዚህ ነው ገበያ ላይ ቲማቲም ለመግዛት ምላሴ እየተሳሰረ ስለ ኮረንቲ ሲሆን የሚፈታው።

ዋናው ቴክኒሻን ክብሮም ይባላል፤ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ በዕድሜ እኔን የሚያክል ሰው ነው። አንድ ቀን መወልወያዬን ተደግፌ ሲሞክር የነበረውን ሴንሰር ሳየው ቆየሁና «ዜሮው ከቦታው ተንሸራቷል» አልኩት። ዞር ብሎ መጀመሪያ መወልወያውን፣ ቀጥሎ እኔን አየና «ማናችሁ ናችሁ የተናገራችሁት?» አለ። ዜሮው በእርግጥም ተንሸራቶ ነበር። በወሩ ጠረጴዛ ሰጡኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ሥራዬ እነዚያን ሴንሰሮች እየሞከሩ ደህናውን ከታመመው መለየት ነው።

ሆል ሴንሰር ይባላሉ፤ ሆል ነገሩን ያገኘው ሰው ስም ነው። ሽቦውን ሳይቆርጥ፣ ሳይላጥ፣ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ያቅፈዋል። በሽቦው ኮረንቲ ሲያልፍ ዙሪያው ማግኔት ይሆናል፤ ሴንሰሩ ያን ማግኔት ይሰማና ስንት እንዳለፈ በቮልት ይናገራል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምንም ሳያልፍ ሲቀር ዜሮ አይልም። አምስት ቮልት ብትመግቢው እኩሌታውን፣ ሁለት ተኩልን፣ ይዞ ይቆማል። ኮረንቲው ወዲህ ሲሄድ ከዚያ ከፍ፣ ወዲያ ሲሄድ ከዚያ ዝቅ ይላል። ሁለት ተኩል ማለት «እኔ አለሁ፤ የሚያልፍ ነገር ግን የለም» ማለት ነው። ዜሮ ካለ የሞተው ራሱ ሴንሰሩ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ክብሮም ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ እያለ ይፎክራል። እውነቱ ግን ሁለታችንም ያነበብነው ከቅርጫት በወጣች አንዲት ወረቀት ላይ ነው።

ጥቅምት ላይ እማዬ ደረጃ ላይ ራሷን ስታ እንደነበር ነግሬሻለሁ። ያኔ ነው ያሰብኩት። እማዬ የምትኖርበት ብሪክስተን ከእኔ ሩቅ ነው፤ በባቡር ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ድረስ ሄጄ ከዚያ አውቶቡስ እይዛለሁ፤ ሲቀና ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። ጠዋት ጠዋት ብደውልላት ስልኩን ወይ አትሰማውም፣ ወይ ሶፋው ሥር ይሆናል። ታዲያ የኮረንቲ ማንቆርቆሪያዋ ሽቦ ላይ አንድ ሴንሰር ባቅፍ፣ ሻይ ባፈላች ቁጥር ስልኬ ላይ ይታየኛል፤ ካየሁ ደህና ናት ማለት ነው። ክብሮም ከዋይፋይ ጋር አገናኘልኝ። መጀመሪያ ገመዱን በሙሉ አቅፌው ምንም አላሳይ ሲለኝ ሳቀብኝ። «የሚሄደውንም የሚመለሰውንም አንድ ላይ አቀፍሽ፤ እርስ በርስ ተጠፋፉ! አንዱን ብቻ ያዢ» አለኝ። አንዱን ለይቼ ያዝኩ።

ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቀጥ ያለው መስመር ያብጥና ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ይተኛል። እኔ «ጉብታ» እለዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጉብታዋን ሳይ የሳምኳት ያህል ደስ ይለኝ ነበር። ያን ያህል ደስ ስላለኝም ነው መሰለኝ መሄዱን ያሳነስኩት። ድሮ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እሄድ ነበር። ከገና ወዲህ እሁድ ብቻ ሆነ። ይህን ለአንቺ አልነገርኩሽም፤ እሷም አልነገረችሽም።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጉልባን ሠርታ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ስትጠብቀኝ ውላለች። እኔ ከሥራ ወጥቼ ስደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። ኮቴን ሳላወልቅ በቀጥታ ወደ ኩሽና ገብቼ ሴንሰሩን ነካካሁት፤ ሰሞኑን ቤቱ ሲሞቅ ዜሮው ትንሽ ትንሽ ይንሸራተት ስለነበር ላየው ብዬ ነው። ከኋላዬ ድምጿን ሰማሁ።

«እኔን ሳታዪ ሽቦውን አየሽው?»

«እማዬ ደግሞ! መጣሁ እኮ፤ አንዴ ቼክ ላድርገው ብዬ ነው።»

«አድርጊው። እሱ አይቀየምም» አለችኝ።

ጉልባኑን አቀረበችልኝ። ደክሞኝ ስለነበር ሁለት ጊዜ ዘግኜ ተውኩት። ያኔ በሆዷ የያዘችው ሁሉ ወጣ። ጠዋት ሻይ ጠጥታ እንደማታውቅ፣ ሆዷን እንደሚያቃጥላት፣ ይህንንም ከወለደቻቸው ልጆች አንዷ እንኳ ማወቅ እንደነበረባት ነገረችኝ። አንቺ ታውቂ ነበር፣ እታለም? እኔ አላውቅም ነበር።

«ታዲያ በየጠዋቱ የምታፈይው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ውሃ ነዋ! ለአንቺ አፈላና መታጠቢያው ላይ እደፋዋለሁ። በጾሙ እንኳ፣ አንድ ጉንጭ የማልቀምሰውን ውሃ፣ ልጅቷ ትደነግጣለች እያልኩ ሃምሳ ሁለት ቀን አፈላሁልሽ፤ ዛሬን ጨምሪና ሃምሳ ሦስት። ከነገ ጀምሮ ግን አላበራልሽም። መሞቴን ማወቅ የፈለገ በር ያንኳኳ።»

እኔም ዝም ብል ደግ ነበር። «እንግዲያው አታብሪ። ያቺ የምትወጃት ልጅሽ ከአዲስ አበባ መጥታ ታንኳኳልሽ» አልኳት።

አንቺን ማለቴ ነው። ይቅር በይኝ።

ሳልሰናበታት ወጣሁ። እዚያ አገር ሆነሽ ላይታይሽ ይችላል፤ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት እናትን አስቀይሞ መውጣት እዚህም ያው ኃጢአት ነው።

በማግስቱ ስቅለት ነው። የፈረንጆቹ ከሳምንት በፊት አልፏል፤ የእኛ ስቅለት እዚህ የሥራ ቀን ነው። ከሰዓት አስፈቅጄ ወደ ስግደት ልሄድ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ስልኬን ከፈትኩ። መስመሩ ሁለት ተኩል ላይ ቀጥ ብሏል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና አየሁ። ቀጥ። «እሺ፤ እናያለን» አልኩ። ስልኩን በፊቱ ደፋሁትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ክብሮም መጣ። የእማዬ መስመር በእኔ ጠረጴዛ ኮምፒዩተር ጥግ ላይም ይታያል፤ እሱ ሁልጊዜ «እሜቴ ዛሬ እንዴት አደሩ?» እያለ ያያታል። «ዛሬ ዝም ብለዋል» አለኝ።

«ጾም ነው። ስቅለት አይደል? ውሃም አትቀምስም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ማን ጾምን ይጠራጠራል? ሄደ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ለሌላ ነገር መጥቶ ኮምፒዩተሩን ሲነካካ መስመሩን ወደ ኋላ ጎተተው። ትናንት ጉብታ፣ ከትናንት በስቲያ ጉብታ፣ የሆሳዕና ዕለት ጉብታ፣ የደብረ ዘይት ዕለት ጉብታ። እየጎተተ እስከ ጾሙ መያዣ ድረስ ወሰደው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«አንቺ፤ ጾሙ ዛሬ ነው እንዴ የጀመረው?»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ባቡሩ ውስጥ ስልኳን ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። ኤሌፋንት ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሾፌር ይቀየር ነበር፤ ሾፌሮቹ ስለ ኳስ እያወሩ ሲሳሳቁ አፋቸውን ልይዝላቸው ዳዳኝ። ሦስተኛ ፎቅ ደርሼ በሩን ስከፍት ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ጎድሎት ነበር።

ኩሽና ወለሉ ላይ በጎኗ ተኝታ አገኘኋት። የጠረጴዛውን ጨርቅ ስባ ለብሳዋለች። ዓይኗን ገልጣ «ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ዘጠኝ፣ እማዬ።»

«ገና ነዋ» አለች። ውሃ ላጠጣት ስል አፏን ገጠመች፤ በስቅለት ፀሐይ ሳትጠልቅ አልቀምስም ብላ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ወለል ላይ ወድቃ ጾሟን እየቆጠረች ነበር። የንስሐ አባቷ ለበሽታዋ ብለው ውሃ ፈቅደውላት እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ያኔም እምቢ ብላቸዋለች።

አምቡላንሱን ስጠብቅ ቀና ብዬ ማንቆርቆሪያውን አየሁት። እስከ አፉ ድረስ ውሃ ተሞልቷል። የግድግዳው ማብሪያ በርቷል። የቀረው የራሱን መጫኛ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነበር።

ሆስፒታል እንደደረስን ሐኪሙ መቼ እንደወደቀች ጠየቀ። አስተርጓሚ ተጠርታ ነበር፤ አልታየሽ የምትባል ደግ ሴት። እማዬ እኔን አየችኝና «ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። ልጄ ወዲያው ደረሰችልኝ» አለች። ሐኪሙ ግራ ገባው፤ ደሟ ሲመረመር ለብዙ ሰዓት መሬት ላይ የተኛ ሰው ደም ይመስላል አለ። እማዬ ለአልታየሽ «የአሮጊት ደም እንዲህ ነው በይልኝ» አለቻት። አልታየሽ ተረጎመችለት። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ጻፈ። እኔም በዚያው ማታ ለአንቺ ደውዬ «ማሽኑ አሳየኝና ሮጬ ደረስኩ» አልኩሽ። ይኸው ነው የነገርኩሽ ውሸት።

ብቻችንን ስንሆን ለምን እንደዋሸች ጠየቅኳት። «ምን ልበላቸው ኖሯል? ለእህትሽም እንዳትነግሪያት፤ አደራ ተበላ ትላለች» አለችኝ። እውነቷን ነው። እማዬን ወደዚህ ሳመጣት ቦሌ ላይ አንገቴን አቅፈሽ ያልሽኝ አንድ ቃል ነው፤ «አደራ»። አሥራ አንድ ዓመቱ።

ከዚያም፣ ሳልጠይቃት፣ ይህን አለችኝ። «ሌሊቱን ተቀይሜሽ ነው ያደርኩት። አላበራላትም ብዬ ተኛሁ። ሲነጋ ግን ይቺ ልጅ ትደነግጣለች አልኩ። ውሃውን ሞልቼ ላበራው እጄን ስዘረጋ እግሬ ከዳኝ።»

እኔ ግን፣ እታለም፣ ያን ጠዋት አልደነገጥኩም።

ሰኞ ሥራ ስገባ ክብሮም ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ጾም ነው ያልኩትን ያስታውሳል፤ ግን ደግ ሰው ነው። «ስሚ» አለኝ፤ «ሴንሰር ነው፤ ይንሸራተታል። ከባድ ኮረንቲ ካለፈበት ማግኔቱ ውስጡ ይቀርና ዜሮው ተመልሶ ቦታው ላይ አይገኝም። ተበላሽቶ ነበር በያቸው። ከፈለግሽ እኔ እጽፍልሻለሁ፤ ማን ያውቃል?» እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት። እማዬ ቤት ሄጄ ሴንሰሩን ነቅዬ አመጣሁትና ዘጠኝ ዓመት እንደሠራሁት አድርጌ ሞከርኩት። አሙቄ፣ አቀዝቅዤ፣ ከባድ ኮረንቲ አሳልፌ። ውጤቱን ከታች ታገኚዋለሽ።

አሁን የምተኛው እማዬ ቤት ነው። ሴንሰሩን መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ትናንት ሆስፒታል ልጠይቃት ስገባ «ዛሬ ጠዋት ማንቆርቆሪያው በራ?» አለችኝ።

«በራ። እኔ ነኝ ያበራሁት።»

«ሻዩን ጠጣሽው?»

«ደፋሁት» አልኳት።

ሁለታችንም ሳቅን፤ ዳሌዋን እስኪያማት። ነርሷ መጥታ ምን ሆናችሁ አለች፤ ለነርሷ የሚነገር አልሆነልንም። ከዚያ እማዬ እጄን ይዛ ቆይታ ወደ መስኮቱ ዞረች። የምታውቅ ይመስለኛል። የምታውቀውን ግን አትጠይቀኝም፤ ከዚያ በላይ የሚከብደኝ የለም።

እንግዲህ ማክሰኞ ከስብሰባው ገብቼ ይህንኑ ለሶሻል ወርከሯ እነግራታለሁ፤ የሐኪሙም ወረቀት ይስተካከላል። ከዚያ በፊት ግን አንቺ ማወቅ አለብሽ፤ ያለ አንቺ የሚወሰን የለም፤ የወሰንሽውም በእኔ ውሸት ነበርና። በማሽኑ ተማምነው ብቻዋን ቤቷ ሊመልሷት ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ኮረንቲ ማለፉንና አለማለፉን ብቻ ነው፤ ቀሪውን ማወቅ የእኔ ፈንታ ነበር። ክፍሌን ለቅቄ ከእሷ ጋር ልግባ ብዬ አስቤአለሁ። የሽማግሌዎች ቤት ትግባ ካልሽም፣ አገሯ ትመለስልኝ ካልሽም፣ አልከራከርሽም። አደራሽን መልሺ ካልሽኝ እመልሳለሁ። ደውይልኝ፤ መደወል ካስጠላሽም ቃልሽን በኤዶም ላኪልኝ። ብትሰድቢኝ እንኳ ድምፅሽን ብሰማ ይሻለኛል።

ጉልበትሽን ይማርልሽ። ኤዶምን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። የእናታችንን ዕድሜ ጨምሮ፣ ለሁላችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ የምንቀመጥበትን ቀን ያምጣልን። እመቤታችን ከቤትሽ አትራቅ።

አደራሽን የተቀበለች
ታናሽ እህትሽ

እንዳልረሳው፦ የመጨረሻው ፎቶ ላይ ያለው ወረቀት የስቅለት ቀን መስመር ነው። ከላይ በእርሳስ ሰዓቱን ጽፌበታለሁ። በስተግራ ያለው ጉብታ የጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከዚያ በኋላ በቀስት ያመለከትኩልሽ ቦታ ላይ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፣ መስመሩ ቀጥ ያለው መሀል ላይ ነው እንጂ ታች አይደለም። ሁለት ተኩል ነው። አራት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሴንሰሩ አልተበላሸም ነበር።